በሙሉ ድምፅ ያበድኩበት ስብሰባ

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያብደው ለብቻው ነው። እኔ ግን ያበድኩት በስብሰባ ነው። ውይይት ተደርጎብኝ፣ እጅ ተቆጥሮ፣ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም፣ በጭብጨባ። ቃለ ጉባኤው ዛሬም የሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይገኛል ብዬ እገምታለሁ። ነገሩን እንዳለ ልንገራችሁና እናንተም ፍረዱ፤ ከፈለጋችሁ እጅ አውጡ።

አገሩ ነቀምቴ ነው፤ ዘመኑ የደርግ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሸዋ ልጅ ነኝ፤ ስመደብ ለሁለት ዓመት ነው ብለውኝ ነበር፣ ስምንተኛውን ይዣለሁ። ኦሮምኛዬ ገበያ ያደርሰኛል፣ ከገበያ ግን አይመልሰኝም። የምኖረው ቶለሳ ከሚባል የሒሳብ አስተማሪ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል፣ መሃላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ። እሱ ሲያስነጥስ እኔ በግድግዳው በኩል «ይማርህ» እላለሁ፣ እሱም «ያኑርህ» ይላል። ጉርብትናችን ይህን ያህል ነው።

ቶለሳ ታሞ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገራችሁ፣ የአእምሮ ሕመም ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ቀጥሎ ምግብ እምቢ አለው፣ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው መሃል ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። አልጮኸም፣ ሰው አልነካም። ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ በቃ። እናቱ አዴ ወርቄ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ጉቴ መጥተው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወስደው አሳከሙት። ከአምስት ወር በኋላ ከስቶ፣ ግን ድኖ፣ አንድ ከረጢት ክኒን ይዞ ተመለሰ።

ትምህርት ቤት ሲሄድ ዲሬክተሩ በደንብ ተቀበሉት። «ደስ ብሎናል፤ ብቻ ከሕዝብ ጋር በሰላም መኖር እንደምትችል ቀበሌህ በደብዳቤ ያረጋግጥልን» አሉት። ቀበሌ ሲሄድ ሊቀመንበሩ ጓድ በዳሳ የሐኪሙን ወረቀት አገላብጠው አዩና «ሐኪሙ አንድ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ግን ብዙ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል» አሉት። ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ኮረም አልሞላ አለ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ቶለሳ በየጠዋቱ ይታጠብና ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮቱን ያወልቃል። አንድ ቀን ለምን እንደሚለብስ ጠየቅኩት። «ካላስተማርኩ ድኛለሁ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ቀበሌያችን ቴሌቪዥን ያገኘው ያን ሰሞን ነው። በር ያለው የእንጨት ሣጥን ተሠርቶለት፣ ቁልፉ ጓድ በዳሳ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣ አዳራሹ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሰኞ ምሽት ተከታታይ ድራማ አለ። የቀደመ አግዳሚ ወንበር ይይዛል፣ የዘገየ ከቤቱ በርጩማ ተሸክሞ ይመጣል። ድራማው በአማርኛ ነው፤ ከአዳራሹ ግማሹ ደግሞ አማርኛ ቢሰማም እንደ አዲስ አበባ ተዋናይ ጥድፊያ አይሰማም። ስለዚህ ጓድ በዳሳ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆመው በኦሮምኛ ይተረጉማሉ። ጎበዝ ተርጓሚ ናቸው፤ ችግራቸው አቋም ሳይጨምሩ ማለፍ አለመቻላቸው ነው። ተዋናዩ «ደህና ዋሉ» ካለ፣ እሳቸው «ደህና ዋሉ አለ፤ ከልቡ ግን አይደለም» ይላሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትልቅ ፋይል ይጠፋበታል። ስለ ፋይሉ ሊጠየቅ በቀረበበት ቀን ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ከባርኔጣው ጋር ማውራት ይጀምራል። አበደ ወይስ አስመሰለ? አምስት ሳምንት ሙሉ ጥያቄው ይሄ ነበር። በትርጉም የሚሰማው የአዳራሹ ቀኝ «ያስመስላል» አለ፣ ምክንያቱም ጓድ በዳሳ ባርኔጣው በተነሳ ቁጥር «ያስመስላል» እያሉ ነው የተረጎሙት። በቀጥታ የሚሰማው ግራ ደግሞ «ታሟል» አለ። ቀኝና ግራ በዚያ ዘመን የሚቀለድበት ቃል ስላልነበረ የበር በኩልና የመስኮት በኩል ተባልን። እኔ የመስኮት በኩል ነኝ።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ኃላፊ ነበርኩ። የቀበሌው በር አጠገብ ሰሌዳ አለች፤ እሷ ላይ ስለ ምርት ዕድገትና ስለ ዲስፕሊን በእጄ እየጻፍኩ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። ሁለት ዓመት ስለጥፍ ከአንዲት ፍየል በስተቀር ቀርቦ ያየው ፍጡር የለም፤ ፍየሏም የምትፈልገው ሙጫውን ነው። ጓድ በዳሳ «ሕዝቡ አያነብም፤ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ሲገመግሙኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ባዶ ወረቀት ለጥፌ «ስለ ሰኞው ድራማ የተመልካች አስተያየት» የሚል ርእስ ጻፍኩበት፤ እርሳስም በሲባጎ አንጠለጠልኩ። እርሳሱ በዚያው ቀን ተሰረቀ። ወረቀቱ ሦስት ቀን ባዶውን ዋለ።

በአራተኛው ቀን ማልጄ ሄድኩና ራሴ ጻፍኩበት። «ንቁ ዘብ» ብዬም ፈረምኩ። ጽሑፉን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ሌላው ይሳቅ፤ እኔ አልስቅም። ዛሬ ከባርኔጣው ጋር ያወራ ሰው ነገ ከመጥረቢያው ጋር ይመካከራል። አንዴ የዞረ ጭንቅላት አይመለስም። ልጆቻችሁን ጠብቁ።» እኔ በዚህ ቃል አላምንም። ሰውዬው ታሟል ባይ ነኝ፤ ከታመመ ደግሞ ይታከማል ባይ ነኝ። ግን ሰው የሚያነበው የሚያናድደውን ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ቶለሳ አላሰብኩም። ከኔ የአንድ ግድግዳ ርቀት ላይ የሚተኛ ሰው ትዝ አላለኝም፤ ትዝ ያለችኝ ፍየሏ ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ ሰሌዳዋ ፊት መቆሚያ ጠፋ። ማንበብ ለማይችለው የሚችለው እያነበበለት፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም እየተተረጎመ፣ ገበያ መሰለ። ደስ አለኝ። በማግስቱ በግራ እጄ «አንዲት እናት» በሚል ስም መለስኩለት፦ «ንቁ ዘብ ሆይ፣ ልጅህ ቢታመም መጥረቢያ ትደብቃለህ ወይስ ሐኪም ትጠራለህ?» ንቁ ዘብ በበኩሉ «እናት ከሆንሽ ወጥሽ እንዳያርርብሽ» አላት። ይህን ጽፌ ቤቴ ስገባ በንቁ ዘብ ከልቤ ተናድጄ ነበር። ቢጨንቀኝ «ሚዛናዊ» የሚባል ሦስተኛ ሰው ፈጥሬ «ሁለታችሁም ከፊል እውነት አላችሁ» አስባልኩት። ከሦስታችን በጣም የተሰደበው እሱ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ በገዛ እርሳሱ መጻፍ ጀምሮ ነበር። አንዱ «ሚዛናዊ አድር ባይ ነው» አለ። ሌላው ጨርሶ ድራማውን ሳያነሳ የውሃው ቦኖ ለምን እንደተዘጋ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ ቦኖውን የጠየቀውን ሰደበው።

ሰሌዳዋ ፊት ለፊት ሸምሱ የሚባል የጉራጌ አገር ሰው ሱቅ አለው፤ ሻይ ቅጠልም ሳሙናም እየሸጠ ወሬውን በነፃ ይሰጣል። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብገባ የንቁ ዘብን ቃል በቃሉ እየወጣልኝ «ይሄ ሰው ልኩን ነው የተናገረው፣ መምህሬ» አለኝ። «ያልተማረ ሰው ወሬ ነው» አልኩት። «ያልተማረ ትላለህ? አታውቀውም ማለት ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ከላይ የተላከ ትልቅ ሰው ነው፤ ባለፈው እዚሁ ቆሞ ሲጋራ ከኔ ገዝቷል» አለኝ። መናደድ ሲገባኝ «ትልቅ ሰው» ያለው ነገር አስደሰተኝ። ሳሙናውን ረስቼ ወጣሁ።

ስወጣ ቶለሳ ሰሌዳዋ ፊት ቆሟል። ኮቱን ለብሷል፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሰዉ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ራቅ ብሎለታል። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ አንብቦ ጨረሰና ወደኔ ዞረ።

«ንቁ ዘብ የሚባለው ሰው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«የተማረ ሰው ነው፤ ሥርዓተ ነጥቡ አይስትም» አለና ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄዶ እርሳስ ተውሶ ተመለሰ።

እዚያው ቆሞ ጻፈ። ከዚያ ሁሉ አስተያየት ውስጥ ባለቤቱ በእውነተኛ ስሙ የፈረመበት እሱ ብቻ ነው። «ስሜ ቶለሳ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ታምሜ ነበር፣ ታክሜ ተሽሎኛል። ማንንም አልመታሁም። መጥረቢያ የለኝም፤ እንጨት የምገዛው ተፈልጦ ነው። ጥያቄ ያለው ቤቴ መጥቶ ይጠይቀኝ።» ጽፎ ሲጨርስ እርሳሱን መልሶ፣ ሸምሱን አመስግኖ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። አንዱ «ራሱ አመነ» ይላል። ሌላው «የለኝም አለ እንጂ አልነበረኝም አላለም» ይላል። ሦስተኛው «ቤቴ ኑ የሚለን ለምንድን ነው?» ብሏል። ያኔ ወረቀቱን ቀድጄ መጣል ነበረብኝ። ግን ቀድጄ ብጥል ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ፈራሁ። ንቁ ዘብን ብቻ በልቤ አሰናበትኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ አይጽፍም አልኩ። በማግስቱ በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ አዲስ አስተያየት ወጥቶ አገኘሁ፦ «እንዲህ ያለ ሰው ልጆቻችንን ያስተምር? አንቀበልም። ንቁ ዘብ።» ሰውዬው ያለኔ መጻፍ ችሏል።

ኮረሙ የሞላው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጠዋት ነው። ያለ ወትሮው ከመጠን በላይ ሞላ፤ አጀንዳ ሁለት ድራማው ስለነበረ ነው። ሰኞ የመጨረሻው ክፍል ይታያል፤ ጓድ በዳሳ ደግሞ ቀበሌያቸው ለሁለት እንደተከፈለ ወደ መጨረሻው ክፍል እንዲገባ አልፈለጉም። የአቋም መግለጫ ተዘጋጅቶ ተነበበ፦ «እኛ የቀበሌው ነዋሪዎች የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እያስመሰለ መሆኑን በጽኑ እናምናለን፤ የድራማው አዘጋጆችም ይህንኑ ተገንዝበው ተገቢውን ፍጻሜ እንዲሰጡት እናሳስባለን።» የመስኮት በኩል አጉረመረመ። ነገር ግን የአቋም መግለጫ ተነብቦ እጅ አለማውጣት ማናችንም የለመድነው ነገር አልነበረም። አወጣን። ታሟል ስል የከረምኩት እኔም አወጣሁ።

ከዚያ አጀንዳ ሦስት፣ የቶለሳ ደብዳቤ። ቶለሳ ከኋላ ተቀምጧል። አዴ ወርቄ ከጉቴ መጥተው አጠገቡ ናቸው። ጓድ በዳሳ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ሕዝቡ ምን ይላል?» ብለው ለመድረኩ ክፍት አደረጉት። ከበር በኩል አንድ ሰው ተነሳና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የንቁ ዘብን የመጀመሪያ አስተያየት ገልብጦ ይዞታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «አንዴ የዞረ ጭንቅላት አይመለስም» ሲል አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ፤ «ልጆቻችሁን ጠብቁ» ሲል አጨበጨበ።

አዴ ወርቄ አማርኛ አይሰሙም። ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው ምን እንደተባለ ጠየቁት። ቶለሳ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመላቸው። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሙና እጃቸውን ልጃቸው ጉልበት ላይ አደረጉ።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። ተነሳሁና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ጓድ በዳሳ ግለ ሂስ ሲባል ፊታቸው ይፈካል። «ቀጥል ጓድ» አሉኝ።

«ንቁ ዘብ እኔ ነኝ» አልኩ።

አዳራሹ ወደኔ ዞረ።

«አንዲት እናትም እኔ ነኝ።»

አንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሚዛናዊም እኔ ነኝ» አልኩ። ሁለቱ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት እታመን ነበር፤ ሦስተኛው አበዛው።

ሸምሱ ተነሳ። «ጓዶች፣ እኔ ንቁ ዘብን በአካል አውቀዋለሁ። ረጅም ነው። መምህሩ የማከብረው ሰው ነው፤ ግን እሱ አይደለም» አለ። ከመስኮት በኩል አንዲት ሴትዮ ቀጠለች። «አንዲት እናትን እኔ አውቃታለሁ። ባሏ ሾፌር ነው፤ አኖ ከተማ ላይ ሌላ ሴት ይዞባታል። መከረኛ ናት፤ ባትነኳት ጥሩ ነው» አለች።

ጓድ በዳሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስቱም አንተ ነህ?»

«ሦስቱም።»

«እርስ በርሳቸው ይሰዳደባሉ እኮ።»

«አዎ። እኔው ነኝ የምሰድበኝ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲያነብ ብዬ።»

«እሺ፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የወጣውስ?»

«እሱ እኔ አይደለሁም። እሱ ሌላ ንቁ ዘብ ነው» አልኩ። ልክ ከአፌ እንደወጣ እንዴት እንደሚሰማ ለራሴም ገባኝ።

ከፊቴ የተቀመጡት በርጩማቸውን ቀስ አድርገው ሳቡ። ላረጋግጥ ብዬ ወደ መድረኩ ሄድኩ፤ አጀንዳ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ነበር። «የእናትየውን እጅ ጽሑፍ በግራ እጄ ልጻፍላችሁ» አልኩ። ማለዳ ብቻዬን ስጽፍ እንዲያ የታዘዘልኝ ግራ እጄ ያ ሁሉ ሰው ሲያየው እምቢ አለኝ። «አንዲት» ብዬ «እናት» ላይ ሳልደርስ ጠመኔው ተሰበረ። ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን ስፈልግ ከኋላ «ማራታ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በኦሮምኛ እብድ ማለት ነው። ያን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ።

ጓድ በዳሳ ድምፃቸው ተለወጠ። ቃል በቃል እየለዩ «ጓድ። ውሃ። ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቶለሳ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ አይተኸዋል። ሲጀምር እንዲህ ነው?»

እዚህ ላይ አዳራሹ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ቶለሳን አየነው። ቶለሳ ተነሳ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ እኔን አየኝ። ሁሉንም እንዳወቀ ዓይኑ ላይ አየሁ። ሥርዓተ ነጥብ የማይስት አንድ የአማርኛ አስተማሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ማልዶ ከግቢ ሲወጣ በግድግዳው በኩል የሚሰማ ሰው ነው፤ ሒሳቡን ሠርቶታል።

«ትናንት ተኝተሃል?» አለኝ።

«አልተኛሁም» አልኩ፤ ስብሰባውን እያሰብኩ ስለነበር እውነት ነው።

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው ራሱን ነው። ሐኪም ቤት መላክ የለበትም፤ የምኖረው አጠገቡ ስለሆነ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ። አንድ የውሸት ቃል የለበትም፤ ደግማችሁ ብታነቡት አታገኙም።

ጓድ በዳሳ ተነኩ። «ጓዶች፣ የታመመ ጓዱን እጠብቃለሁ ያለ ሰው ጤነኛ ነው አይደለም?» አሉ። አዳራሹ ጤነኛ ነው አለ። ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ እጅ ተቆጠረ፤ እሱ እንዲድን፣ እኔ እንዳብድ። አዴ ወርቄም የልጃቸውን እጅ አይተው እጃቸውን አወጡ። እኔም ከልማድ አወጣሁ። ደብዳቤው እዚያው ተጻፈ፦ «ጓድ ቶለሳ የታመመ ጓዱን ተረክቦ ለመጠበቅ የሚያስችል ሙሉ ጤንነት እንዳለው ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ስላረጋገጠ ወደ ሥራ ገበታው እንዲመለስ እንጠይቃለን።» ክብ ማኅተም አረፈበት።

ግቢ ስንደርስ «ለምን እውነቱን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ንቁ ዘብ እሱ ነው፣ ጤነኛም ነው ብላቸው ሕዝብ ከፋፈለ ተብለህ ትታሰራለህ። እኔም ደብዳቤውን አላገኝም» አለኝ። ክፍሉን ከፍቶ ከገባ በኋላ ደግሞ ብቅ ብሎ «ትንሽም ተናድጄብህ ነበር» አለኝ። አዴ ወርቄ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር ቀቅለው አመጡልኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ቆራርሰው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ጠበቁ።

እብደት እንዴት ነው ካላችሁኝ፣ ሰው ሁሉ ጨዋ ይሆንላችኋል። ሸምሱ ዕቃ በሁለት እጁ ይሰጠኝ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ በመቀስ ብቻ ጨረሰኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ሰው «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ብል እሺ፣ አይመጣም ብል እሺ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ሰው ጋር መጨቃጨቅ እንደ ውሃ ጥም ያዘኝ። ቶለሳን በግድግዳው በኩል «ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት። «የኔ ሦስተኛ ወሩ ነው» አለኝ።

ስለ ድራማው ትጠይቁኝ ይሆናል። በመጨረሻው ክፍል ፋይሉ ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሰውዬው ነፃ ነህ ሲባል ባርኔጣውን አነሳና «ሰማህ?» አለው። ጓድ በዳሳ ይህን እንዴት እንደሚተረጉሙት ጨንቋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምሩ ተረጎሙት። የአቋም መግለጫችን በፖስታ ከሄደ በኋላ ነው ይህ የሆነው፤ መልስም አልመጣልንም።

ማክሰኞ ቶለሳ ሥራ ጀመረ። እኔ የአንድ ወር ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ አብሬው ወጣሁ። በር ላይ ዘበኛው ቶለሳን «አካም ጅርታ፣ ቲቸር» ብሎ ከተቀበለው በኋላ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ «ይሄስ ይገባል?» አለው። ቶለሳ «አብሮኝ ነው» አለ። የመምህራን ማረፊያ ደጃፍ ላይ አስቀምጦኝ ወደ ክፍል ገባ። ያችን አርባ ደቂቃ አንድም ሰው አላናገረኝም። ደብዳቤው አስገብቶታል፣ ማኅተሙ አስገብቶታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ግን ማኅተም አያዝበትም።

ደወል ተደወለ። ቶለሳ እጁም ኮቱም ጠመኔ ሆኖ ወጣ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ተሳሳትኩ» አለኝ።

ደነገጥኩ።

«ሁለተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ረሳሁ። አንዷ ልጅ ተነስታ ‹ቲቸር፣ ተሳስተዋል› አለችኝ። ሳየው እውነቷን ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛ እየደበደቡ ነው የሳቁት።»

«አይዞህ» አልኩት።

«ምን አይዞህ ትለኛለህ» አለኝ። «ስምንት ወር ሙሉ ፊቴ ላይ የሳቀብኝ ሰው የለም። እናቴ እንኳ አልሳቀችብኝም።»

ኮቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ ዘጠነኛ ክፍል እየጠበቀው ስለነበር፣ እየተቻኮለ ሄደ።